አንቴና ይዤ ጣሪያ ላይ የቀረሁባት እሁድ

የአዲስ ቴሌቪዥን ካርቶን ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ? የላስቲክ ነው፣ የነጩ ስፖንጅ ነው፣ የቀለም ነው፤ ብቻ ሌላ ነገር እንደሱ አይሸትም። ለአረፋ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጄ ሰዓዳ ከሎግያ አስጭና አምጥታ፣ እዚህ ሰመራ ሳሎናችን መሐል ካርቶኑን ስትቀድደው ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወላሂ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ መሆኔን ረስቼ ብድግ አልኩ። “ቀስ! መስታወቱን! ኧረ በነቢ ቀስ በሉ!” እያልኩ የተሸከሙትን ሁለት ወጣቶች መድረሻ አሳጣኋቸው። ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፤ ከግድግዳው ግማሹን ያዘ። ጀርባ የለውም እኮ! እኔ የማውቀው ቴሌቪዥን ሆዱ ወደ ኋላ የተዘረጋ፣ ሁለት ጎረምሳ ተሸክሞት የሚያለከልክበት ነገር ነበር። ቀና ብዬ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ሰዓዳ ሳቀችብኝ። “እማ፣ አንቴናው የታለ ልትይ ነው አይደል?” አለችኝ። ልል ነበር! ምን ላድርግ፣ እኔና ቴሌቪዥን የተዋወቅነው በአንቴናው በኩል ነው። ይህን ሁሉ የማወራችሁ ግን ስለ ዕቃው ብዬ አይደለም። በዚያ በድሮው ቴሌቪዥን የተነሳ አንድ ደግ ሰው ያለ ጥፋቱ ውሸታም ተብሎ ነበር፤ እውነቱ የወጣው በዚህ በአረፋ ነው፤ ልቤ እስካሁን አልሰከነም።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው ያደግሁት። እኛ የባቲ ሰዎች ነን፤ አባቴ ጨርቅ ሊነግድ ወርዶ ቦታውን ወደደውና ቀረ፤ እዚያው አላህ ወሰደው። እናቴ ሐዋ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ሻይ ቤት ነበራት። ግድግዳው ሰማያዊ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ረጅም አግዳሚ። ሻይ በአስራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በአስር ሳንቲም፣ ሳምቡሳ በስሙኒ። በስሙኒ ሳምቡሳ! ዛሬ ለልጅ ልጄ ለሂክማ ስነግራት ስሙኒ ምንድን ነው ትለኛለች። ባቡሩ ከድሬዳዋ በኩል ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ ይነቃል። ከውስጡ ሴቶች ይወርዳሉ፤ ሦስት አራት ቀሚስ በላይ በላዩ ደርበው፣ ወፍረው፣ መራመድ አቅቷቸው። ጓሮ ለጓሮ ገብተው ሲወጡ ቀጭን ሆነዋል፤ ማታውን ሰፈር ውስጥ አዲስ ቀሚስ ለብሳ የማትታይ ልጅ የለችም። እኔ ባለ አበባ ናይለን ቀሚስና ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ ነበረችኝ። በዚያ ሙቀት ናይለን! ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆራል፣ እኔ ግን ጣቢያው ጋ ሦስቴ ካልተመላለስኩ ቀኑ አይመሽልኝም። ጎረምሶቹ ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ገትረው አጥሩን ተደግፈው ይቆማሉ። የሚያዩኝ እየመሰለኝ አንገቴን ሰብሬ አልፋለሁ። ለካ የሚያዩት ባቡሩን ነበር።

ቴሌቪዥኑን እማዬ የገዛችው ወደ ሌላ ጣቢያ ከተዛወረ የባቡር ሠራተኛ ነው። የሰርጓን የወርቅ ጉትቻ ሰጠችበት። ሰፈሩ “ሐዋ ዘመነች!” አለ። ጥቁርና ነጭ፣ ባለ አስራ አራት ኢንች፣ ላዩ ላይ በእጄ የሠራሁት ዳንቴል የተነጠፈበት። እማዬ ግን ዘፈኑም ድራማውም ግድ አልነበራትም። የገዛችው ልጇን ልትፈልግበት ነው። ታላቅ ወንድሜ እንድሪስ ወደ ሰሜን፣ ወደዚያ ጦርነት ሄዶ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የለም፣ ወሬ የለም። አንድ መንገደኛ “ቴሌቪዥን የወታደሮቹን ፊት ያሳያል” ብሎ ቢነግራት በነጋታው ጉትቻዋን አወለቀች። ዜና ሲጀምር ሁሉን ትታ ከመስታወቱ አንድ ክንድ ርቃ ትቀመጣለች። የሚነገረውን አትሰማም፤ ፊት ትለቅማለች። ሰልፍ ቢሆን፣ ስብሰባ ቢሆን፣ የእግር ኳስ ተመልካች ቢሆን፣ እሷ ከዳር እስከ ዳር ፊት ትለቅማለች። ዜናው ሲያልቅ “ዛሬም የለም” ብላ ተነስታ ብርጭቆ ታጥባለች።

እኔስ? እኔ ጣሪያ ላይ ነኝ። አንቴናው ረጅም የውሃ ቧንቧ ላይ የታሰረ የዓሣ አጥንት የመሰለ ብረት ነው፤ ይስባል ተብሎ ሁለት የድስት ክዳን ተጨምሮበታል። የአዋሽ ንፋስ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ እንዲቆም አይወድም። እና አንድ ጉድ ነበረው፦ እኔ በእጄ ስይዘው ምስሉ ይጠራል፣ ስለቀው ነጠብጣብ ይዘንብበታል። ሌላ ሰው ሞከረ፣ አልሆነም። ጎረምሳ ወጣ፣ መምህር ወጣ፣ አልሆነም። ምስጢሩን እስካሁን የነገረኝ የለም። ስለዚህ ዜና ሲደርስ፣ የእሁድ ከሰዓት ዝግጅት ሲደርስ “ፋጤ ውጪ!” ነው። ከታች አንዱ በር ላይ ቆሞ ይጮሃል፦ “ወደ ፈንታሌ! ትንሽ! አለፈሽ! ወደ ጣቢያው መልሺው! እዛው! እዛው! እንዳትተነፍሺ!” ቆርቆሮው እግሬን እንዳያቃጥለው ኮንጎ ጫማዬን አድርጌ፣ ሻሼን ፊቴ ላይ ጠምጥሜ፣ ወደ ፈንታሌ ተራራ ዞሬ እቆማለሁ። ከበታቼ ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። የዚያን ዘመን ዘፈን ሁሉ በቆርቆሮ በኩል ነው የሰማሁት፤ ግጥሙን አንድ ሳልስት አውቀዋለሁ፣ የዘፋኞቹን መልክ ግን አላውቅም። አንዱን ድምፀ መረዋ ረጅም፣ ጠይም፣ ቅንድበ ብዙ አድርጌ በሐሳቤ ፈጥሬው ሁለት ዓመት ወድጄዋለሁ። ቤታችን ቴሌቪዥን ነበረ፤ ቴሌቪዥን ያላየሁት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሁን አባ ሁመዱን ላምጣቸው፤ ነገሩ የሳቸው ነውና። አባ ሁመዱ አፋር ናቸው፤ ግመሎቻቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ይሰማራሉ፣ እሳቸው ነጭ ሽርጣቸውን አሸርጠው፣ ጊሌ የሚሉትን ጩቤያቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው በየቀኑ ለሻይ ይመጣሉ። የአፋርን ዳጉ የኖረበት ያውቀዋል። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ቁጭ ይልና አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ከመጀመሪያው ያወራል። የሚሰማው እስኪያልቅ አያቋርጥም። ሲያልቅ ተራው የሱ ነው፤ የሰጠህን ሰው ባዶ እጁን አትሸኘውም። ያላየውን አየሁ ያለ፣ የጨመረ ወይም የቀነሰ ደግሞ በሰው መሐል ቃል የለውም። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ከጣሪያ ወርጄ “አባ ሁመዱ፣ አዲስ አበባ ዝናብ ጣለ አሉ” ብላቸው የጠየቁኝ መጀመሪያ ይህን ነው፦ “ሰማሽ ወይስ አየሽ?” “በቴሌቪዥን ነው” አልኳቸው። “አንቺ ጣሪያ ላይ ነበርሽ። ሰማሽ ወይስ አየሽ?” “ሰማሁ።” “እንግዲያው ሰማሁ በይ” አሉኝ። እና እኚህ ሰው ቴሌቪዥኑን እንዴት ተቀበሉት መሰላችሁ? እንደ ዳጉ! ዜና አንባቢው ሲያወራ ሻያቸውን ሳይነኩ፣ ሳያስነጥሱ ይሰማሉ። ልክ ሲያልቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው በተራቸው ይነግሩታል፦ “በገዋኔ በኩል ሣር አለ። የወንዙ ውሃ ቀንሷል። የልጄ የአሊ ግመል መንታ ወለደች፣ አየሁ።” ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እሳቸው አይስቁም። “ይሄ ኮት የለበሰው ሰውዬ በየቀኑ ይናገራል፣ አንድ ቀን እንኳን አይጠይቅም” ብለው ይከፋሉ። ሰው ሆኖ የሌላውን ወሬ አለመጠየቅ ነውር ነው ባይ ናቸው። ዛሬ ሳስበው አልተሳሳቱም።

ያቺ እሁድ መጣች። ጦርነቱ አለቀ የተባለበት ሰሞን ነው፤ መንገዱ ሁሉ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል፣ የእኛ ግን አልመጣም። እማዬ ሰውነቷ አልቆ ጋቢዋ ይከብዳት ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ ዜና ሲጀምር ጣሪያ ላይ ወጣሁ፤ ቧንቧውን ጨብጬ ወደ ፈንታሌ ዞርኩ። ትንሽ ቆይቶ ከበታቼ እማዬ “ልጄ! እንድሪስ! ልጄ ነው!” ብላ ስትጮህ ሰማሁ። ያ ረቢ! ከዚያ ቤቱ በሙሉ ጮኸ። “እንድሪስ ነው! እንድሪስ!” አግዳሚው ሲገለበጥ፣ ብርጭቆ ሲሰበር ይሰማኛል። እግሬ ሊዘል ነበር። ወንድሜ! ሦስት ዓመት! በቃ ሁለት እርምጃ ዘልዬ በመስኮት ባይ አየዋለሁ። ግን ከለቀቅሁት ይዘንባል፣ እማዬም አታየውም። “እንዳትለቂው!” የሚለኝ እንኳን አልነበረም፤ ሁሉም ረስቶኛል። ያዝኩት። ብረቱ ያቃጥላል፣ እንባዬ ሻሼን ያርሰዋል፣ እኔ ፈንታሌን እያየሁ ያዝኩት። ዜናው አልቆ የዘፈን ድምፅ እስኪመጣ ድረስ አልለቀቅሁትም።

ስወርድ ቤቱ የሠርግ ቤት ሆኗል። እልል ይባላል፣ እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ይዛ “አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ” ትላለች። “የት ነው ያለው?” አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። እስቲ አስቡት፣ ሃያ ሰው ጮሆ ጮሆ ሰውዬው የቱ አገር እንዳለ የሰማ አንድም የለም! እማዬ ደግሞ “እንባዬ ጋረደኝ፤ ቁመናውን ነው ያየሁት” አለች። ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። ይሄኔ ጥግ ላይ፣ ሻያቸውን ሳይነኩ የተቀመጡት አባ ሁመዱ ዱላቸውን መሬት መቱ። ሌላው ሲጮህ እሳቸው እንደ ወጉ ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ሰምተዋል። “ዳጉ ነው። ተቀመጡ” አሉ።

ተቀመጥን። “ከማን ሰማሁ? ከኮቱ ሰውዬ። በዓይኔም አየሁ። የሰማሁትን ሰማሁ እላለሁ፣ ያየሁትን አየሁ እላለሁ። መጀመሪያ ስለ ስንዴ ተናገረ…” ብለው ከዜናው አናት ጀመሩ! ስንዴው፣ ፋብሪካው፣ ትልልቆቹ ሰዎች የጎበኙት ትምህርት ቤት። እማዬ “ሁመዱ፣ በነቢ ይሁንብህ፣ ልጄ ጋ ድረስልኝ!” ብትል “ዳጉ አይቆረጥም፣ ሐዋ” አሏት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኛ ግን እዚያው ልንሞት ነው። በመጨረሻ ደረሱ። “ሰማሁ፦ ሰዎች ከጦርነት ተመለሱ፣ ሚሌ መገንጠያው ላይ አረፉ፣ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። አየሁ፦ አራት መኪና ቆሟል፤ አንዱ ጎማው ወልቋል። ግራር አለ፤ አንድ ቅርንጫፉ ተቆርጧል። አንድ ረጅም ሰው ቆሟል። አንገቱ ላይ ፎጣ አለ። ሻይ ይጠጣል፤ ኩባያውን በግራ እጁ ይዟል። ቀኝ እጁን አላየሁም።” እማዬ “ግራኝ ነው! ስንት ቀን ነው በግራህ አትብላ ብዬ የመታሁት!” ብላ ብድግ አለች። “አላለቀም” አሉ። “ሳቀ። የላይኛው የፊት ጥርሱ አንዱ የለም። ሐዋ ‘ልጄ ነው’ አለች፤ ሰማሁ። እኔ እንድሪስን በዓይኔ አላውቀውም። አለቀ።” “ጥርሱ?” አልኩ። እማዬ “ጦርነት አይደል እንዴ! ነፍሱ ትትረፍልኝ እንጂ ጥርስ ምን አላት!” አለችኝ። አባ ሁመዱ ሻያቸውን በአንድ ትንፋሽ ጠጥተው ወጡ፤ ወደ ሚሌ ለሚሄድ ሾፌርም፣ መንገድ ላይ ላገኙት ግመል ነጂም የእማዬን ስምና የእንድሪስን ስም ሰጥተው መልእክቱን ላኩ።

እኛ መኪና ያገኘነው በነጋታው ጠዋት ነው፤ ጥጥ ሊጭን የሚወርድ ባዶ ካሚዮን። እማዬ ጋቢና፣ እኔ ኋላ ከሸራው ጋር። መልካ ወረር መገንጠያውን አለፍን፣ ገዋኔን አለፍን፣ አቧራው ጥርሴ ላይ ይንቀጫቀጫል፣ እኔ እዘፍናለሁ። አዳይቱ ስንደርስ ሦስት አፋሮች መሐል አስፋልት ላይ ቆመው ዱላቸውን ዘረጉ። ሾፌሩ ደነገጠ። አንደኛው ወደ ጋቢናው ቀረበና “ሐዋ ሻይ አንቺ ነሽ?” አለ። “ነኝ።” “ውረጂ። ልጅሽ እዚያ ነው።” ዳጉው ከካሚዮኑ ቀድሞናል! የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እያስቆሙ “የሐዋ ልጅ እንድሪስ ማነው?” እያሉ፣ እንድሪስ እጁን ቢያወጣ ጎትተው አውርደውታል። ከንጋት ጀምሮ በግራር ጥላ ሥር አስቀምጠው ወተት እየሰጡ “ቁጭ በል፣ እናትህ ትመጣለች” ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ተማርኬያለሁ ብሎ ላብ አጥምቆታል። ያን መተቃቀፍ አልናገረውም፤ ብጀምር አልጨርሰውም። እማዬ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አፉን ከፈተች። “ጥርስህ አለ እንዴ?” “ጥርሴ ምን ይሆናል?” አለ። ሙሉ ነው። አንድም አልጎደለም። እማዬ ሳቀች። “የቴሌቪዥኑ ዝናብ ነው! ቢሆንም ሻይ ስትጠጣ አየሁህ። አንተን ነው ያየሁት፣ ዓይኔ አይዋሸኝም” አለችው።

አዋሽ ስንመለስ ሙክት ታርዶ ሰፈሩ ሁሉ በላ። ጎረምሶቹ ታዲያ ምን ይሥሩ? “አባ ሁመዱ በዳጉ ጥርስ ነቀሉ!” ብለው ያዙት። ለሳቅ ነበር፤ እኔም ስቄአለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በሰው ፊት እንድሪስን ጠየቁት። “ጥርስህ ያኔም ነበረ?” “ነበረ።” “ግራሩ ሥር ቆመህ በግራ እጅህ ሻይ ጠጣህ?” እንድሪስ እማዬን አያት። እማዬ እንደ ሙሽራ እናት ቤቱ መሐል ቆማ ታበራለች። “ጠጥቻለሁ” አለ። አባ ሁመዱ “እንግዲያው ዓይኔ ዋሽቷል” ብለው ዱላቸውን አነሱ። ከዚያች ቀን ወዲያ በእኛ ቤት ዳጉ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ይመጣሉ፣ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። ሰው ወሬ ሲጠይቃቸው “ሌላ ሰው ጠይቁ” ይላሉ። ውለታቸው እንደ ተራራ ሆኖ ሳለ ቤታችን ቃላቸውን አሳጣቸው። ከስንት ዓመት በኋላ ሲሞቱ እንኳን ቀባሪው መሐል አንዱ ያን የጥርሱን ነገር አንስቶ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ።

ቴሌቪዥን ግን ቀጠለ። ባለ ቀለሙ መጣ፤ ቀሚሶች ሁሉ በአንዴ ቀይና አረንጓዴ ሆኑ። ቪዲዮ ቤት መጣ፤ የህንድ ፊልም እያየሁ ቋንቋውን ሳላውቅ በሻሽ ሙሉ እንባ አለቀስኩ። ዲሽ መጣና አንቴናዬ ወርዶ የልብስ ማስጫ ሆነ። ትዳር ይዤ፣ ወልጄ፣ ልጄ ሰመራ ቢሮ ስትቀጠር ተከትያት መጣሁ። አሁን ቱርኮቹ በአማርኛ ይጣላሉ፣ በአማርኛ ይታረቃሉ፤ ኤሲውን ከፍተን ሦስት ትውልድ አብረን እንሰድባቸዋለን። እማዬ ከሞተች ቆየች፣ አላህ ይርሐማት። እንድሪስ መልካ ወረር ጥጥ እርሻ ላይ አርጅቶ ጡረታ ወጣ። እስከ ዛሬ ስሙ “በቴሌቪዥን የታየው እንድሪስ” ነው።

ለአረፋ እንድሪስ መጣልን። ተበልቶ ተጠጥቶ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ጋደም እንዳልን ሂክማ ሪሞቱን ይዛ “እማማ፣ የድሮ ቴሌቪዥን ልክፈትልሽ? ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል” አለችኝ። የድሮ! ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ያ በቆርቆሮ የሰማሁት ዘፈን መጣ፤ ያ ረጅም ጠይም ያልኩት ሰውዬ አጭር፣ ቀይ፣ ራሰ በራ ሆኖ ብቅ አለ! “ይሄ ነው እንዴ? ሁለት ዓመቴን መልሺልኝ!” ብዬ ሂክማን በሳቅ ገደልኳት። አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተከታተለ ሳለ አራት መኪና ቆሞ አየሁ። አንዱ ጎማው ወልቋል። “ግራሩ!” አልኩ፤ ግራሩ መጣ። “ቅርንጫፉ!” አልኩ፤ ተቆርጧል። ከማየቴ በፊት እያወቅሁት፣ በአባ ሁመዱ ቅደም ተከተል፣ ሁሉም መጣ። ረጅም ሰው ቆሟል። ፎጣው አረንጓዴ ነው፤ ይህን እሳቸውም አላወቁም። የጣሳ ኩባያ በግራ እጁ ይዟል። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠምጥሞ ጃኬቱ ውስጥ ታስሯል፣ ባዶ እጅጌው ተንጠልጥሏል። ሳቀ። የላይኛው የፊት ጥርሱ አንዱ የለም። “አቁሚው! ሂክማ አቁሚው!” ብዬ ጮህኩ። ምስሉ ቆመ። ዝናብ የለውም፣ ማንም ጣሪያ ላይ አልወጣም፤ ጥርት ብሎ ቆመ። እኔ ግን እጄን ሳየው ጨብጬዋለሁ፣ ቧንቧ እንደያዝኩ።

ዞር ብዬ እንድሪስን አየሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ የቆመው እሱ አልነበረም። ምኑም እሱ አልነበረም። ወንድሜ ፊቱን በመዳፉ ይዞ ተቀምጧል። “አውቅ ነበር” አለኝ። “ከመጀመሪያው?” “ከመጀመሪያው። እኔ የዳቦ ሰልፍ ላይ ነበርኩ፤ ሻይ አልደረሰኝም። ይሄ ልጅ ከጎናችን ካለው ድንኳን ነው፤ ስሙን እንኳን አላውቀውም፣ ከእኛ ቀድሞ በደሴው መንገድ ሄደ። እማዬ አንገቴን ይዛ ‘ዓይኔ አይዋሸኝም’ ስትለኝ፣ ያለቀስሽው ለሌላ ሰው ልጅ ነው ልበላት? አባ ሁመዱን የጎዳሁት መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። ሲገባኝ አፈርኩ፣ ሳፍር ቆየሁ፣ ሲቆይ ከበደኝ።” እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ ይሄን ያህል ያድራል አላሉም! ደግሞ ያ ልጅ አሳዘነኝ። የሱ እናት የት አገር ሆና ይሆን ፊት ስትለቅም የኖረች? እሷ ጋ አንቴና የያዘላት ሰው ነበር? የኔ እጅ የተቃጠለው ለሷ ልጅ ነው፤ ቢያንስ የአንድ እናት እልልታ ደርሶታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሰዓዳ “ለአባ ሁመዱ ልጅ ስልክ ደውይለታ” አለችኝ። ዳጉ በስልክ? በነጋታው ሰመራ ላይ ሚኒባስ ያዝን፤ እኔ፣ እንድሪስ፣ ሂክማና ስልኳ። የአባ ሁመዱ ልጅ አሊ አዳይቱ ሱቅ አለው፤ እሱም ሽበት ወሮታል፣ አቀማመጡ ቁርጥ አባቱ። ሰላምታ ተለዋወጥን። እንድሪስ ገና ከመቀመጡ “አሊ፣ በአባትህ ላይ…” ብሎ ሲጀምር እንባው ቀደመው። አሊ ወደ እኔ ዞረ። ሱቁ በር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ወሬ መምጣቱን አውቀው ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሂክማ ስልኩን ልትከፍት ስትል እጇን ያዝኳት። “ዳጉ ነው” አልኩ። “አባ ሁመዱ ያዩት ሰው የሌላ እናት ልጅ ነው። አንድ ጥርሱ የለም። ግራርም አለ፣ ቅርንጫፉ ተቆርጧል። አባትህ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። የዋሸው የእኛ ቤት ነው።”

አሊ እስክጨርስ አልተነቃነቀም። ከዚያ አባቱ ድሮ እንደሚጠይቁኝ አድርጎ ጠየቀኝ።

“ሰማሽ ወይስ አየሽ?”

“አየሁ” አልኩት። “በዓይኔ አየሁ።”